ሲስተር ግማሽ

መጋላ ሰፈር ውስጥ ሰው የሚጠራው እናቱ ባወጣችለት ስም ሳይሆን ሰፈር በለጠፈበት ነው። ነርሷን ሆዳንን «ሲስተር ግማሽ» ብሎ የሰየማት ደግሞ ጠላቷ እንዳይመስላችሁ፤ ያሳደጋት አጎቷ በሺር ነው።

በሺር ሻይ ቤት ነበረው። እሱ ቤት ሻይ ከብርጭቆው ተርፎ ማስቀመጫው ላይ ካልፈሰሰ እንደ ስድብ ይቆጠራል። ሆዳን ትንሽ ልጅ ሆና ለእንግዳ አጉድላ ብትቀዳ፣ ሰው ፊት አስደፍቶ እንደገና አስቀድቷታል። ዕድሜውን ሙሉ የከሰል ጭስ ሲምግ፣ በላዩም ሲጋራ ሲደራርብበት ኖሮ ሳንባው አለቀና፣ ሆስፒታል፣ ሆዳን የምትሠራበት ትንፋሽ ያጠራቸው ሕመምተኞች ክፍል ገባ።

በአፍንጫው የሚሄደው ኦክስጅን ልክ አለው። በመስታወቱ ቱቦ ውስጥ የምትንሳፈፈው ትንሽ ኳስ ከታችኛው መስመር ማለፍ የለባትም። ካለፈች እንዲህ ያለ የተበላሸ ሳንባ ይታለላል፤ በደንብ መተንፈሱን ይተዋል፤ ቆሻሻው አየር ደሙ ውስጥ ይጠራቀማል። ሰውየው ይፈዛል፣ ይተኛል፣ በዚያው ይቀራል።

«አንቺ!» አለ በሺር፤ በአንድ ትንፋሽ ከሁለት ቃል በላይ አይወጣውም። «ግማሽ ትቀጂልኛለሽ? እኔ... ያሳደግኩሽ?»

«አዴር» አለች፤ አጎቴ ማለቷ ነው፤ «ይሄ ሻይ አይደለም። ብጨምርልህ ትሞታለህ።»

«ኧረ አቦ! በአየር... የሚሞት አለ?» ወደ ጠያቂዎቹ ዞረ። «ሲስተር ግማሽ... በሏት።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አጠገቡ የተኛው የድሮ የጭነት መኪና ሹፌር ሮብሌማ እስኪጠቁር ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት። ሆዳን አቅፋ ቀና አድርጋ ጀርባውን ስትደበድብለት ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እሱ ግን ትንፋሹ እንደተመለሰ፣ «ግማሽ!» ብሎ ደገመላት። ሳይመሽ ስሙ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ከተማውን አዳረሰ።

በማግስቱ በመጠየቂያው ሰዓት የበሺር ሚስት ኢልሃን መጣች። ሆዳን ክፍሉ ጥግ ሌላ ሰው ስታገላብጥ፣ ኢልሃን የኦክስጅኑን መክፈቻ እስኪያቅታት አዞረችው። ኳሷ ዘላ አናት ላይ ተለጠፈች። ሴትዮዋ ቂል አይደለችም፤ የትከሻዋን ሻርፕ አውልቃ ኳሷ እንዳትታይ ቱቦው ላይ አንጠለጠለችው።

በሺር በረጅሙ ሳበ። ከንፈሩ ቀላ። «አሁን... ሞላ» አለና ፈገግ ብሎ እንቅልፍ ወሰደው።

ሆዳን ስትመጣ ጠያቂዎቹ ሁሉ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ተይው አንቺ!» አለች ኢልሃን በሹክሹክታ፤ «ስንት ቀኑ ነው እንቅልፍ ካየ!»

እንዲህ ያለው ሰው ድንገት ለጥ ካለ ስሙን ጠርቶ መቀስቀስ ነው፤ ሆዳን ይህን ታውቃለች። ግን ከነቃ ደግሞ ያንን ምላሱን ሰው ፊት ሊመዝባት ነው። እስቲ ለአፍታ ልረፍ ብላ አለፈችው።

ጠያቂው ሲወጣ ተመለሰች። «አዴር! አዴር በሺር!» ነቀነቀችው፤ እንደ ጆንያ ተወዛወዘ እንጂ ዓይኑን አልገለጠም። ሻርፑን ገለጠች፤ ኳሷ አናት ላይ ተለጥፋለች። ሐኪም ተጠራ፣ በእጅ እየተጨመቀ አየር ተነፋበት። አልተመለሰም።

ለቅሶው ላይ ሴቶቹ ምንጣፉን ሞልተው ተቀምጠዋል። ኢልሃን መሃላቸው ሆና፣ «አልሐምዱሊላህ፣ የመጨረሻዋን ሰዓት አየሩን እስኪጠግብ አጠጣሁት» ትላለች። «እንደ ሕፃን ነው የተኛው።» እነሱም እያለቀሱ ይመርቋታል። ሆዳን ሻይ ትቀዳለች። ባሏን ለቀበረች ሴት ይሄ እንዴት ይነገራል? ውጣው ልትቀር ወስና ነበር።

የሮብሌ ሚስት ኒምኮ ወደ ኢልሃን ጠጋ አለች። «እህቴ፣ ሻርፑን እንዴት ነበር ያንጠለጠልሽው? የኔንም ሰውዬ ይቺው ልጅ በግማሽ እያንገላታችው ነው።»

ሆዳን ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች።

«ኤዶ፣ ገደልሽው» አለቻት የአጎቷን ሚስት። «የጨመርሽለት አየር ነው የገደለው። እኔም ሳልቀሰቅሰው አልፌዋለሁ። ኒምኮ፣ እንደሷ ካደረግሽ ሮብሌንም ትቀብሪዋለሽ።»

የኢልሃን ጩኸት ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። «ያ ጀመዓ! ሰማችሁልኝ? በስስት ገድላው በኔ ታላክካለች!»

አንዷ ተነስታ ሆዳንን በክንዷ ይዛ ወደ በሩ ገፋቻት። ሌላዋ ብርጭቆዋን ከፍ አድርጋ አየችና፣ «ዎላሂ፣ ይሄንንም አጉድላ ነው የቀዳችው» አለች። ለቅሶ ቤት መሆኑን የረሱ ሳቁ። ሞት እንኳ ያላጠበው ስም!

በማግስቱ ሆዳን የየአልጋውን የኦክስጅን መክፈቻ ልኩ ላይ በፕላስተር ጠቅልላ አሰረችው። ኒምኮ ሰፊ አዲስ ሻርፕ ለብሳ ከች አለች፤ ፕላስተሩን ስታይ ክው አለች። «ቆለፈችው! ሮብሌ፣ ቆለፈችብህ!»

ሮብሌ በክርኑ ተደግፎ ተነሳ። «አንቺ... ቆንቋና! አጎትሽን... በላሽ! አሁን ደግሞ... እኔን?»

ሆዳን ትራሱን ከፍ አደረገችለት። «ጨምር» አለችው፤ «ስድቡን ጨምር። እኔ የምፈራህ ስትተኛ ነው።»

ሮብሌም አላሳፈራትም። በሁለት በሁለት ቃል እየቆራረጠ፣ እናቷንም አባቷንም እያነሳ፣ እራት እስኪመጣ ሲሰድባት ዋለ።