በእሱ ፎቶ የተጻፉ መልሶች

ዓርብ ከሰዓት በኋላ እኔ ድንች እየላጥኩ ነበር። ባለቤቴ በሩ ላይ በርጩማ አውጥቶ ተቀምጦ የእኔን መልስ በስልኩ ይጽፋል። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ በሁለት አውራ ጣቱ ይጽፋል። የኮሌጅ መምህራችን የዚያ ሳምንት ጥያቄ ተማሪን በጓደኞቹ ፊት ማመስገን ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚል ነበር።

«ይጎዳል ብለህ ጻፍ» አልኩት። «አንዱ ሲመሰገን ሌሎቹ ይሸማቀቃሉ። በክፍሌ አይቻለሁ።»

«አልስማማም።»

«አንተን ማን ጠየቀህ? ጻፍ።»

«እየጻፍኩ ነው የማልስማማው። ተመስግኖ የሰነፈ ፈረስ አላየሁም።»

«ስለ ልጆች ነው የማወራው!»

«እኔስ ስለ ምን የማወራ መሰለሽ?»

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበር። በዳንግላ ጋሪ ከሚጎትቱት ፈረሶች በእጁ ያላለፈው ጥቂት ነው፤ ስለ ሰው ስንጫወት እንኳ ፈረስ ማስገባቱ አይቀርም። ድንቹን ጨርሼ እጄን ስታጠብ መልሱ ተልኳል። ተቀብዬ ሳነበው የእኔ ሐሳብ ሁሉ በትክክል ሰፍሯል፤ መጨረሻው ላይ ግን «ሆኖም ተመስግኖ የሰነፈ ፈረስ የለም» ተብሎ ተጨምሯል። ተቆጣሁ። እሱ ሳቀ። ድንች ወጡን ሠርቼ በላን፣ ስለ ሌላ ነገር አወራን።

እሑድ ጠዋት ከአልጋ ሲነሣ ደረቱን ያዘው። ሐኪም ቤት ሳንደርስ አረፈ።

እኔ ዳንግላ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ዲፕሎማዬን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ እንጅባራ ኮሌጅ በየቅዳሜው ፕሮግራም ተመዝግቤ ነበር። ክፍላችን ዝምተኛ ነው። መምህሩ ጥያቄ ሲጠይቅ እጃቸውን የሚያወጡት ያው ከፊት የሚቀመጡት ወንዶች ናቸው። ከገጠር የሚመጡት፣ በተለይ አፋቸውን በአዊኛ የፈቱት ሴቶች፣ አማርኛችን ይሳቅበታል ብለው አንገታቸውን ይደፋሉ። ዕድሜዬ ከብዙዎቹ እናቶች ጋር ስለሚቀራረብ እኔም ከልጆች ጋር አፍ መካፈት ያሳፍረኝ ነበር። መምህሩ ይህን አይቶ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተልን። በየሳምንቱ አንድ ጥያቄ ይለጥፋል። ሁላችንም መልስ እንጽፋለን፤ ከዚያ ደግሞ የሌላ ሰው መልስ አንብበን እንከራከራለን። «እስማማለሁ ብቻ ብሎ የሚያልፍ ነጥብ የለውም» አለን ገና በመጀመሪያው ቀን።

ክፍል ውስጥ ድምፃቸውን ሰምቼ የማላውቃቸው ልጆች እዚያ ሲጽፉ ብታዩ! ከግምጃ ቤት ከተማ ወዲያ ካለ ገጠር የምትመጣ አንዲት ወጣት መምህርት ነበረች፤ በክፍል ስሟ ሲጠራ እንኳ «አቤት» የምትለው በሹክሹክታ ነው። በግሩፑ ላይ ግን የሚችላት አልነበረም።

እኔ የነበረኝ ቁልፍ ያለው ትንሽ ስልክ ብቻ ስለሆነ ግሩፑን የተቀላቀልኩት በባለቤቴ ስልክ፣ በእሱ ስም፣ በእሱ ፎቶ ነው። በፎቶው ላይ ባርኔጣ አድርጎ አንድ ቀይ ፈረስ አጠገብ ቆሟል፤ ከጎን ሆኜ እኔ እያሳቅሁት ስለነበር አፉ በግማሽ ተከፍቷል። ክፍሉ ሁሉ ነገሩን ያውቅ ነበር። «እትዬ፣ ዛሬ የጻፉት እርስዎ ነዎት ወይስ ጋሼ?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ለለቅሶው ሚኒባስ ተኮናትረው መጡ። ግሩፑም ላይ ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት እያሉ ጻፉ። መምህሩ ጥቂት ሳምንት ጥያቄ መለጠፉን አቆመ።

ከአርባው በኋላ ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ። ጥያቄው የቤት ሥራ ሳይሠራ የሚመጣ ልጅ ምን ይደረግ የሚል ነበር። መልሴን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ ጻፍኩ፤ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየፈለግሁ፣ የተሳሳትኩትን እየሰረዝኩ። ስልከው እንደ ወትሮው የእሱ ፎቶ አብሮት ወጣ። እኔ ለምጄዋለሁ፤ ምንም አልመሰለኝም። ወዲያው አንድ ሰው «በስመ አብ!» ብሎ ጻፈና አጠፋው።

ከዚያ በኋላ ማንም ቃል አልጻፈልኝም። ሌሎቹ ከላይ ከታች እየተከራከሩ ነው። የእኔ መልስ ስር ግን የተጣመሩ እጆች ምልክትና ሻማ ብቻ ይደረደራል። በሚቀጥለው ሳምንትም እንዲሁ። በሦስተኛው ሳምንት ተናደድኩ፤ የማላምንበትን ነገር ጻፍኩ። «ልጅ ካልተገረፈ አይማርም፤ አለንጋ በየክፍሉ ይግባ» አልኩ። የግምጃ ቤቷ ልጅ ለዚህስ ዝም አትልም ብዬ ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ።

የተጣመሩ እጆች መጡ።

ያን ቀን ከለቅሶው ቀን ይበልጥ አለቀስኩ። በትዳር ዘመናችን ሁሉ አንድ ነገር ተናግሬ ባለቤቴ ሳይቃወመኝ ያለፈበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሐሳቤ ምን እንደሆነ የማውቀው እሱ «አልስማማም» ካለ በኋላ ነበር። አሁን የፈለግሁትን ብናገር የሚመልስልኝ የለም። እንዲህ ከሆነማ ትምህርቱን ልተወው ብዬ አሰብኩ።

ቅዳሜ መምህሩ ከክፍል በኋላ አስቀረኝ።

«እትዬ፣ እውነት በአለንጋ ያምናሉ?»

«ኧረ አላምንም።»

«ታዲያ ለምን ጻፉት?»

«የሚቃወመኝ ሰው ፈልጌ ነው፣ መምህር።»

ጠመኔውን በጣቶቹ መሃል አዞረው። «ልጆቹ ንቀዎት አይደለም። ጋሼ እያዩዋቸው እንዴት ይከራከሩ? እኔ ራሴ ነጥብ ልሰጥ ስል እጄ አልታዘዝ አለኝ። ፎቶውን ቢቀይሩት ምን ይመስልዎታል?»

እቤት ገብቼ ይህን ለባለቤቴ ታላቅ እህት ነገርኳት። ከለቅሶው ጀምሮ እኔ ጋ ነች፤ ወንድሟ ሲናፍቃት ስልኩን ክፈችልኝ ትለኛለች።

«ከስልኩም ልታወርጂው ነው?» አለችኝ።

«ልጆቹ ፈሩ፣ እታለም።»

«በሕይወቱ ማንንም ያላስፈራ ሰው! ይፍሩዋ፣ ምን ያመጣሉ?»

በሚቀጥለው ቅዳሜ የግምጃ ቤቷ ልጅ በዕረፍት ሰዓት አጠገቤ መጥታ ቆመች። «እትዬ፣ ‹በስመ አብ› ያልኩት እኔ ነኝ» አለች በዚያ በሹክሹክታዋ። «ደንግጬ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

ከጫግኒ የሚመጣው ቀልደኛ ጓደኛዋ ከኋላ ሰምቶ ገባበት። «አንቺስ በስመ አብ አልሽ፤ እኔ ስልኬን ሽሮ ድስት ውስጥ ነው የጣልኩት! እስካሁን ሽሮ ሽሮ ይላል።»

ሳቅሁ። እነሱ እስኪደነግጡ ድረስ ሳቅሁ።

ፎቶውን ስለ መቀየር ጠየቅኳት። ሲቀየር የድሮዎቹ መልሶች ሁሉ ፎቶ አብሮ እንደሚቀየር ነገረችኝ።

«የፈረሱ መልስም?»

«አዎ፣ እሱም በእርስዎ ፎቶ ይሆናል።»

«አይሆንም» አልኳት። «ፈረሱን እኔ አልጻፍኩትም። አልስማማበትምም።»

ትንሽ አሰበችና ሌላ መንገድ አለ አለችኝ። የእሱ እንዳለ ይቀመጣል፤ በዚያው ስልክ ላይ በእኔ ቁጥር ሌላ አካውንት ይከፈታል። ኮሌጁ ግቢ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ኔትወርክ እስኪመጣ ጠበቅን። የማረጋገጫ ኮዱ በትንሿ ስልኬ መጣ፣ አነበብኩላት፣ አስገባችው። ስሜን ጻፍኩ። ፎቶ ላንሳዎት ስትለኝ ገና ጥቁር ለብሻለሁ ብዬ እንቢ አልኩ። ፎቶ ስለሌለው የስሜ መጀመሪያ ፊደል ብቻ ክብ ውስጥ ወጣ። የጫግኒው ልጅ አየት አድርጎ «የምርጫ ምልክት አስመሰሉት፣ እትዬ» አለ።

መምህሩ ሲያስገባኝ የድሮውን ከግሩፑ ላስወጣው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ይቆይ አልኩት። ማታ ለእታለም ስነግራት ስልኩን ተቀብላ ፎቶው በቦታው መኖሩን በዓይኗ አረጋገጠች።

የዚያ ሳምንት ጥያቄ ልጆች ክፍል ውስጥ ከማን ጋር እንደሚቀመጡ ራሳቸው ይምረጡ ወይስ መምህሩ ይመድባቸው የሚል ነበር። መምህሩ ይመድብ ብዬ ጻፍኩ፤ ምክንያቴንም ዘረዘርኩ። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ገና በሩን ሳልከፍት ስልኩ ጮኸ። የግምጃ ቤቷ ልጅ ናት።

«እትዬ፣ አልስማማም። እኔ አራተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን ከማላውቃት የከተማ ልጅ ጋር መደበኝ። ዓመቱን ሙሉ አንድ ቃል ሳልናገር አለፍኩ። ዝምታውን የለመድኩት ያኔ ነው። እርስዎ ይህን አስበውታል?»

አላሰብኩትም ነበር። ከእሷ ስር ሦስት ሰዎች ገብተው ሁለቱ እሷን ደግፈዋል። የጫግኒው ልጅ ደግሞ «በታላቅ አክብሮት፣ እትዬ ዛሬ ተሳስተዋል» ብሏል። ቁልፉን በእጄ እንደያዝኩ ሁሉንም ቆሜ አነበብኩ። ከዚያ ገብቼ ነጠላዬን ሳላወልቅ መልስ መጻፍ ጀመርኩ። ግማሹን አመንኩላት፤ በግማሹ አልለቀቅኳትም።

ትምህርቱን አልተውኩትም። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እንጅባራ እሄዳለሁ። መልሴን ራሴ በአንድ ጣት ፊደሉን እየፈለግሁ እጽፋለሁ፤ ማክሰኞ እጀምርና ሐሙስ እልከዋለሁ።