ለጋሽ ደምሴ የመረጥሁት ሞረድ

ብረት ከብረት ሲፋተግ የሚወጣው ሽታ ከሞራ ጋር ሲቀላቀል ምላስ ላይ ይቀራል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቶጎ ውጫሌ ገበያ ውስጥ፣ ነፋሱ ከድንበሩ ማዶ አቧራ እያመጣ የሱቆቹን ሸራ በሚያርገበግብበት ረፋድ፣ አንዲት ነጋዴ የሞረዷን ጥራት ልታሳየኝ የራሷን የሥጋ ቢላ ስትስል ያ ሽታ አፍንጫዬ ገባ። ጋሽ ደምሴም ከነቁጣው በሐሳቤ ፊቴ ቆመ።

ጋሽ ደምሴ በልጅነቴ ጅጅጋ ውስጥ የሰፈራችንን የቅርጫ በሬ የሚያርድና የሚያከፋፍል ጎረቤታችን ነበር። በበዓል ማለዳ፣ ካራማራ ገና ጭጋጉን ሳያወልቅ፣ ከውትድርና የተረፈ ካፖርቱን ለብሶ ሥጋውን ሸራ ላይ መደብ በመደብ ሲዘረጋ ልጅ ቀርቶ ውሻ አይጠጋውም ነበር። ሰላም ሲሉት “ምን ፈለግህ?” ብሎ የሚመልስ ሰው ነበር።

በአንድ ፋሲካ ዕጣ ሲጣል ለአባቴ አጥንት የበዛበት መደብ ደረሰው። አባቴ፣ በሙያው ጸሐፊ፣ በጠባዩ ቀልደኛ፣ መደቡን አየና “ደምሴ፣ ያንተ ቢላ ሰው ይለያል” አለ። ወይስ “እጅህ” ነበር ያለው? እናቴ እየሳቀ ነው የተናገረው ትላለች፤ በእኔ ጆሮ የቀረው ድምፅ ግን ሳቅ የለበትም። በጆሮዬ ልስማው፣ ወይም ኋላ ሲወራ ሰምቼ የራሴ ላድርገው፣ ዛሬ መለየት አልችልም። ጋሽ ደምሴ ቢላውን መሬት ላይ ሰካና “ከዛሬ ወዲያ ከዚህ በሬ አትካፈልም” አለ። በዙሪያው ከቆሙት ወንዶች አንድም የተቃወመ አልነበረም።

ከቅርጫ መውጣት ሥጋ ማጣት አይደለም፤ ሥጋ ልኳንዳ ቤት ሞልቷል። ፋሲካ የሚያከብሩ የእኛ ዓይነት ቤቶች እፍኝ በማይሞሉበት ሰፈር ግን ከቅርጫ የወጣ ቤት ከጎረቤት ቁጥርም ይወጣል። አባቴ በሞተ በዓመቱ እናቴ እንዲህ አለችኝ፦ “ለፋሲካ ከሰው ቀላቅለኝ። ብቻዬን ዶሮ ስገነጥል አልሙት።” አርጅቶም ቅርጫውን የሚመራውን ጋሽ ደምሴን በባዶ እጅ መጠየቅ ስለከበደኝ ስጦታ ፍለጋ ቶጎ ውጫሌ ሄድሁ።

ነጋዴዋ ጥቁር የመሳያ ድንጋይ፣ ቢላ በመሃሉ የሚሳብበት ጎማ እግር ያለው ዕቃና የእንጨት እጀታ ያለው ረጅም ሞረድ ደረደረችልኝ። እያነሳሁ ክብደታቸውን ስለካ ቆየሁ።

“ለማን ነው፣ ዋላል?” አለችኝ፣ ወንድሜ ማለቷ ነው።

“ሥጋ ለሚቆርጥ ሽማግሌ።”

“ለግመል ጠባቂ በትር ልትሰጠው! የራሱ የለውም?”

“አርጅቶበት ይሆናል።”

“ሹራብ ግዛለት፣ ወላሂ። ሽማግሌ ይበርደዋል።”

ሳቅሁባትና ከባዱን ሞረድ መረጥሁ።

ጋሽ ደምሴ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘሁት። ጎንበስ ብዬ በጋዜጣ የተጠቀለለውን ሞረድ ሰጠሁት። ጋዜጣውን ፈትቶ አውራ ጣቱን በሞረዱ ላይ ወደታች አንሸራተተ።

“የጸሐፊው ልጅ ነህ።”

“አዎ፣ ጋሼ። ለበዓል ብዬ ነው። እናቴም ዘንድሮ ከእናንተ ጋር...”

“አባትህ ቢላህ ሰው ይለያል አለኝ። አንተ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ተምረህ ደንዟል ልትለኝ መጣህ?”

“ኧረ ጋሼ፣ እኔ እንኳ...”

“ውሰድልኝ! እናትህንም ከዶሮሽ አትነሺ በላት።”

ጋሽ ደምሴ ከዚያ ክረምት አላለፈም። ቀብሩ ላይ እኔም እናቴም ነበርን። ቢላውን የተረከበው በቀለ የሚባል ጎልማሳ ነው፤ ትሑት ሰው ነው፣ ከባጃጁ ወርዶ ሰላም ይላል። ፋሲካ ሲቃረብ ሄጄ አነጋገርሁት።

“የእናንተ ቤት እኮ ከእኛ ጋር አይካፈልም” አለኝ፣ እንደ መገረም ብሎ።

“ለምን?”

“እኔ ምን አውቃለሁ፣ ወንድሜ? ድሮም አይካፈልም።”

በድምፁ ውስጥ ጥላቻ ፈልጌ አጣሁ። ጋሽ ደምሴ ትቶልን የሄደው ይህንን ነው፤ ቂሙ ባለቤቱን ቀብሮ የሰፈር ሥርዓት ሆኗል። ምክንያቱን የሚጠይቅ ቢመጣ የምነግረው እኔ ነኝ፣ እኔም እርግጠኛ አይደለሁም። እናቴ ግን መጠየቅ ትታለች። በበዓል ማለዳ የወንዶቹ ጫጫታ ከጎረቤት ጓሮ ሲሰማ ቀስ ብላ ትነሳና መስኮቱን ገፋ አድርጋ ትዘጋዋለች።