ፀሐይ ማናት?

የእድራችን የቴሌግራም ገጽ በየማለዳው በፀሐይ ይሞላል። አንዷ ከባሕር የምትወጣ ፀሐይ ትልካለች፣ ሌላዋ ከአበባ መሐል የምትወጣ፤ ከሥሩ «እንደምን አደራችሁ» የሚል ጽሑፍ አለበት። እኔ አይቼ አልፋለሁ። መልስ የመስጠት ልማድ የለኝም። ባለፈው ሳምንት ግን የእድራችን ጸሐፊ አልማዝ፣ ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ከምትኖርበት አምስተኛ ፎቅ ሆና ራሷ ያነሳችውን ላከች። በሕንፃዎቹ መሐል የየረር ተራራ ጫፉ ብቻ ብቅ ብሏል፤ ፀሐይዋ ገና ግማሽ ናት። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አየሁት። ያንን ጫፍ አውቀዋለሁ። ኮንዶሚኒየሙ የቆመበት ኮረብታ ላይ ገና ቤት ሳይሠራበት፣ እዚያው ቆሜ ያቺኑ ግማሽ ፀሐይ አነሳለሁ ብዬ የአባቴን ፎቶ ላጠፋው ነበር።

በደርግ ጊዜ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ብሥራተ ገብርኤል አካባቢ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጠርኩ። ሥራዬ ፎቶ ማጠብና ጠርዙን መቁረጥ ነበር። ከተነሺው ጀርባ የምንሰቅለው መጋረጃ ላይ ሐይቅና የምትወጣ ፀሐይ ተስለዋል፤ ሰዓሊው ፀሐይዋን ድፎ ዳቦ አስመስሏታል። ሙሽራውም ተማሪውም ድፎ ዳቦዋ ፊት ቆሞ ይነሳል። እሷን ሳጥብ ስለምውል ነው መሰለኝ፣ እውነተኛዋን የማንሳት ፍላጎት አደረብኝ። ለባለቤቱ ለጋሽ ወልዴ ብነግራቸው «ምነው፣ ፀሐይ የመታወቂያ ፎቶ ፈለገች?» ብለው ሳቁብኝ።

አባቴ የላፍቶ ገበሬ ነበር፤ ፎቶ ተነስቶ አያውቅም። በዚያ ዓመት ደረቱን ያመው ጀመር፣ እርሻ ውሎ ሲመለስ ደጃፉ ላይ ሳይቀመጥ ወደ ቤት መግባት አቃተው። እናቴ ፎቶ ተነሳ ብላ ለመነችው። ለምን እንደለመነችው ገብቶታል። በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ፎቶው ለቅሶ ላይ ይያዛል።

«ለለቅሶዬ ነው አይደል?» አላት።

እናቴ መሬት መሬት አየች።

«እሺ። ግን አንድ ብቻ። ሁለተኛ አልቀመጥም።» ወደ እኔ ዞረና «ኢንተላ ኮ፣ ቶሎ በይ» አለኝ፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለቱ ነው።

ከገብስ ክምሩ ፊት በርጩማ ላይ ተቀመጠ። በትሩን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። አነሳሁት።

ካሜራውን ያዋሱኝ ጋሽ ወልዴ ናቸው። ፊልሙ አሥራ ሁለት ፎቶ ይይዛል፤ ዘጠኙን እሳቸው ካሜራውን ሲጠግኑ ለሙከራ አንስተውበታል። አሥረኛው አባቴ ሆነ። ሁለት ቀረ። ጋሽ ወልዴ ፊልም ሳያልቅ አያጥቡም። እናቴ «በይ ሁለቱን ዶሮዎቹን አንሺበትና ፎቶውን አምጪልኝ» አለችኝ። እንደነገረችኝ ባደርግ ኖሮ የምጽፈው ነገር አይኖርም ነበር። እኔ ግን ሁለቱን ለፀሐይ አስቀመጥኳቸው። ለእናቴም አልነገርኳትም።

ወሩ ኅዳር ነው። ሰዓት እላፊው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንዳበቃ፣ ትንሽ ጭኮ በወረቀት ጠቅልዬ፣ ካሜራውን ነጠላዬ ሥር ይዤ ወደ ኮረብታው ወጣሁ። መንገዱ በታጨደ እርሻ መሐል የሚያልፍ የእግር መንገድ ነበር፤ ቃርሚያው በጤዛ ርሶ ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ አረጠበው። ያለ ካሜራ ሁለት ማለዳ ወጥቼ ቦታውን አጥንቻለሁ። ፀሐይ ሳትወጣ ቢያነሷት ጨለማ ናት፤ ከወጣች በኋላ ወረቀቱ ላይ ነጭ ቀዳዳ ትሆናለች። ለፎቶ የምትሆነው በመካከል፣ አንድ ጉርሻ እስኪዋጥ ላለው ጊዜ ብቻ ነው። ለዚያች ጊዜ ሲባል እጅ እየደነዘዘ ይጠበቃል። እውነት ለመናገር መጠበቁም ደስ ይል ነበር። የረር መጀመሪያ ጥቁር ነው፣ ከዚያ አመድ ይመስላል፣ ከዚያ ጠርዙ ይቀላል።

ጠርዙ መቅላት ሲጀምር ከኋላዬ «ቁሚ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ሁለት የቀበሌ ጥበቃዎች ነበሩ። ካፖርት የለበሰውን አላውቀውም። ጠመንጃ የያዘው የሰፈራችን ሰው ለማ ነው። ከኮረብታው ሥር የታጠረ፣ ጥበቃ የማይለየው ግቢ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ስለማየው ካሜራዬ በእሱ በኩል እንደሚያይ ልብ አላልኩም።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለ ባለ ካፖርቱ።

«ፀሐይን ላነሳ ነው።»

«ፀሐይ ማናት?»

የሚቀልድ መሰለኝ። ፊቱን ሳየው ቀልድ የለበትም።

«የት ነው ያለችው?»

«ገና አልወጣችም።»

«ከየት ነው የምትወጣው?»

በጣቴ ወደ የረር ጠቆምኩ። ጣቴ ያመለከተበት መስመር ላይ ግቢው አለ። ወደ ለማ ዞረና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ግቢው ውስጥ ሰው አላት» አለው።

«ጓድ፣ የሰማይዋን ፀሐይ ማለቷ ነው» አለ ለማ።

ሰውዬውን መሳሳቱ ይበልጥ አናደደው። «የሰማይዋ በየቀኑ ትወጣ የለም እንዴ? ምን ልታደርግላት ነው የምታነሳት? ክፈቺው ካሜራውን! ውስጡ ያለው ሁሉ ብርሃን ይየው።»

ፊልም መሐሉ ላይ ሳለ ከተከፈተ አለቀ፤ አባቴ ደግሞ ሁለተኛ አይቀመጥም። ነገር ግን ያ ዓይነት ፊልም ጀርባው ጥቁር ወረቀት ነው። እስከ መጨረሻው ከተጠቀለለ ወረቀቱ ይሸፍነዋል። እስከ መጨረሻው ለመጠቅለል ደግሞ ሁለቱን ባዶዎች ማሳለፍ ያስፈልጋል።

«መክፈቻው ይጠብቃል፣ እጄም ደርቋል» አልኩና ካሜራውን ነጠላዬ ሥር አስገባሁት። መዘውሩን ማዞር ጀመርኩ። አንድ ዙር፣ ሁለት። ይንቋቋል፤ እንዳይሰማ ሳልኩ። ሦስት፣ አራት። ለማ ክንዴን አየ፤ ከዚያ ጠመንጃውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረና ጮክ ብሎ «የዘንድሮ ብርድ እኮ ጓድ፣ በሬዎቻችንንም አላስተኛ ብሏል» አለ።

ፀሐይ የወጣችው በዚህ መሐል ነው። ፊቴን ወደ እሷ አድርጌ ቆሜ ነበር። ደመና አልነበረም፣ ጉም አልነበረም፤ ግማሿ ከየረር በላይ ሆኖ የታጨደው እርሻ ሁሉ ቀላ። ሦስት ማለዳ የጠበቅኳት እሷን ነበር። እያየኋት ባዶዎቹን አሳለፍኳቸው። ሰባት፣ ስምንት። መዘውሩ ላላ።

ከፈትኩት። ሰውዬው ጥቅሉን አወጣና ወደ ፀሐይዋ ዘረጋው። «ፀሐይ አይደለች የፈለግሽው? በይ ይኸው፣ ትይሽ!» አለ። የወረቀቱን ጫፍ ይዞ አንድ ስንዝር ሳበው። ጥቅሉ እጁ ላይ ሲላላ አየሁ። ሌላ ስንዝር ቢደግም ፊልሙ ይወጣል።

«ተቃጥሏል ጓድ» አለ ለማ። «ከእንግዲህ ለምን ይሆናል?»

ቃርሚያው ላይ ወረወረው። «ሁለተኛ እዚህ እንዳላይሽ!»

አንስቼ ጠበቅ አድርጌ ጠቀለልኩት። እንዳልሮጥ እግሬን እየያዝኩ ወረድኩ። ጭኮው ኪሴ ውስጥ ፈርሷል።

ጋሽ ወልዴ ያን ዕለት ፊልሙን ሳያመናጭቁኝ አጠቡልኝ። አባቴ አለ፤ በርጩማው፣ ክምሩ፣ በትሩ፣ ሁሉም አለ። ጥቅሉ ሲላላ በጎን ብርሃን ገብቶ ኖሮ ከግራ ትከሻው አጠገብ ነጭ ነገር ቆሟል። ቤት ወስጄ ሳሳየው ጣቱን ነጩ ላይ አሳረፈ።

«ይቺ ማናት?»

«ፀሐይ ናት አባባ።»

«አንድ ብቻ አላልኳችሁም? ሁለት ሆነን ተነሳን እንዴ?» አለና ሳል እስኪይዘው ሳቀ።

በተከታዩ ክረምት እናቴ ያንኑ ፎቶ ደረቷ ላይ ይዛ አለቀሰች። ለማ ድንኳን ሲተክል ውሎ አደረ። በዚያ ማለዳ «ተቃጥሏል» ያለው አውቆ ይሁን ሳያውቅ፣ ጠይቄው አላውቅም። እሱም አላነሳልኝም።

ባለፈው ሳምንት የአልማዝን ፀሐይ ካየሁ በኋላ የአባቴን ፎቶ ከግድግዳው አውርጄ በስልኬ አነሳሁትና ወደ እድሩ ገጽ ላክሁት። እዚያ የላክሁት የመጀመሪያው ነገር ነው። አልማዝ ወዲያው ጻፈች፤ «እትዬ በቀለች፣ አባትዎ ናቸው? ነፍሳቸውን ይማር። በግራ በኩል ተበላሽቷል፣ ልጄ በስልኩ ያጠፋልዎታል።»

በአንድ ጣቴ ፊደል እየለቀምኩ «አይጥፋ። ፀሐይ ናት» ብዬ መለስኩ።

አልማዝም «ፀሐይ ማናት እትዬ?» አለች።

ያን ጥያቄ ዳግም እሰማዋለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ከዚያ ማለዳ በኋላ ፀሐይ ላነሳ ወጥቼ አላውቅም፤ ፈርቼ ነው ብዬ ለብዙ ዘመን አምን ነበር። አሁን ሳስበው፣ የምፈልጋት አንዷ አባቴ አጠገብ ስለቆመች ይመስለኛል። ይህን ሁሉ በአንድ ጣት መጻፍ አይቻልም።

«ከአባቴ ጋር የተነሳችው» ብዬ ጻፍኩላትና ፎቶውን ወደ ቦታው ሰቀልኩት።