አምስት ሲቀነስ

ሠላሳ ዓመት የሰው ቆዳ ስትሰፋ አንድም ሰው አላማረረባትም። አዋላጅ ነርስ ነበረች፤ ጡረታ ከወጣች በኋላም ሰፈሩ «ሲስተር» ነው የሚላት። ጨርቅ ላይ ግን እጇ ሌላ ነው። ቆዳ ቢያጠፉበትም ቀስ ብሎ ይሽራል፤ ጨርቅ ቂመኛ ነው።

መስኮት ሥር ያለችው የስፌት መኪና ስንቱን ጉድ አይታለች። አንድ ጊዜ መጋረጃ ስትጠግን የለበሰችውን ሹራብ አብራ ሰፍታው፣ ስትነሣ መጋረጃው ተከትሏት ወጣ። የባሏን የሱሪ ኪስ አፉን ደፍናው ደግሞ ሾፌሩ ባሏ መንጃ ፈቃዱን ካልሲው ውስጥ ከትቶ ሥራ ሄዷል። ዛሬም ድረስ ያወራዋል።

የልጇ ነገር ግን አያስቅም። ሦስተኛ ክፍል ሳለች የሰፋችላት ዩኒፎርም እጅጌው ሁለቱም የግራ ሆኖ ተገኘ። የክፍል ልጆች «ሁለት ግራ» ብለው ሰየሟትና እያለቀሰች መጣች፤ ከዚያ ወዲያ ቤት የተሰፋ ልብስ በዐይኔ አልይ አለች። ሲስተር ይህን ለሰው ስታወራ ትስቃለች፤ ብቻዋን ስትሆን ግን ያ እጅጌ ያንገበግባታል።

ከስሕተቷ አልተማረችም ማለት ግን ግፍ ነው። በየስፌቱ ውስጥ ለክፉ ቀን ብላ ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ መተው ለምዳለች። ሜትሯም የራሱ ታሪክ አለው። ጨርቅ ሥር ተኝቶ ሳታየው አብራ ቆረጠችውና የመጀመሪያዎቹ አምስት ሴንቲ ሜትሮች ሄዱ። «ደህና ሜትር አይጣልም» ብላ፣ በለካች ቁጥር አምስት እየቀነሰች ሃያ ዓመት ሰፋችበት። ባሏ ዕድሜው ስንት እንደሆነ ሲጠየቅ «ሰባ፣ አምስት ሲቀነስ» ይላል።

ዘንድሮ ልጅቷ አስተማሪ ሆና ተቀጠረች።

«እማዬ፣ የመጀመሪያ ቀን ክፍል የምገባበት ቀሚስ ትሰፊልኛለሽ?»

«ሱቁ ሁሉ ሞልቶ?»

«ያንቺን ነው የምፈልገው።»

ሲስተር ደስታውም ፍርሃቱም እኩል መጣባት። ልጅቷ የእናቷን ሕመምተኛ ጉልበት አስባ፣ ጎንበስ ቀና እንዳትል አዲስ ሜትር ገዝታ ራሷን ለካችና በወረቀት ጽፋ የስፌት መኪናዋ ላይ ትታላት ሄደች። እናት አራት ቀን ሠራች። አስር ጊዜ ለክታ አንድ ጊዜ ቆረጠች።

ትምህርት ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ልጅቷ ለበሰችው። ዚፑ ወገቧ ላይ ቀጥ አለ።

«እማዬ፣ መተንፈስ አልቻልኩም።»

ሲስተር ክው አለች። ወፍረሻል ልትል አሰበችና፣ ደግነቱ፣ ተወችው። ወረቀቱን አነሣች።

«በየትኛው ሜትር ነው የለካሽው?»

«በአዲሱ። ምነው?»

«እኔ እኮ... ከሁሉም ላይ አምስት ቀንሻለሁ።»

ባሏ በሩ ላይ ቆሞ «አመል ያወጣል ከመሀል» አለ። የሚስቱን ዐይን ሲያይ ግን ወደ ጓዳ ገባ።

ልጅቷ ከት ብላ ሳቀች። ጎን ለጎን ተቀምጠው የግራና የቀኙን ስፌት ተረተሩት፤ ያ ለክፉ ቀን የተተወው ሁለት ጣት ጨርቅ በሁለቱም በኩል ይጠብቃቸው ነበር። ከታች እጥፋቱንም ለቀቁት። ልጅቷ መልሳ ከመልበሷ በፊት እጅጌዎቹን ጎን ለጎን ዘርግታ አየቻቸው። አንዱ ግራ፣ አንዱ ቀኝ። እናቷም አይታታለች።

በማግስቱ ልጅቷ ከሥራ ስትመለስ ሲስተር በር ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር። ልጅቷ በቀጥታ ወደ ስፌት መኪናዋ ሄዳ መቀሱን አነሣችና ከአዲሱ ሜትር መነሻ ጫፍ አምስት ሴንቲ ሜትር ቆረጠች።

«ኧረ ምን ማድረግሽ ነው?»

«ካንቺ እሱ ቢለምድ ይቀላል። በይ አሁን ለኪኝ፤ በአንድ ቀሚስ ዓመቱን ልዘልቅ ነው እንዴ?»

ሲስተር ተንበርክካ ወገቧን ለካች፤ ጉልበቷ ትዝም አላላትም።

«ሰማንያ» አለች።

ልጅቷ እርሳሷን አንሥታ ሰባ አምስት ብላ ጻፈች።