ሰናይት፣ የእናቴን መርዶ ያስቆመች

ረቡዕ። እስከ ረፋድ ሁለት የፍሬን ሸራ፣ አራት ካንዴላ፣ አንድ የዘይት ፊልትሮ ወጥቷል። ከዚያ በኋላ የመኪና መለዋወጫ ሱቄን ዘጋሁ።

ዶክተር ሰናይት ዐርፋለች። ይህን በገዛ እጄ እየጻፍኩ ግማሽ ልቤ ገና አላመነም።

ባለቤቴ ለተብርሃን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሱቅ መጣች። "ልቅሶው ስንት ሰዓት እንሂድ?"

"የማን ልቅሶ?"

"የሰናይት ነዋ።"

"ሰናይት ምን ሆነች?"

"ማታ ነገርኩህ እኮ። ወንድሟ ደውሎ። አልቅሰሃል።"

"አልነገርሽኝም።"

ልትከራከረኝ አፏን ከፈተች፤ ተወችው። የደንበኛ በርጩማ ስባ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እሺ። እስቲ ስለ ሰናይት ንገረኝ።"

ወዳጆቼ፣ ፈሪ እንዳልሆንኩ ታውቃላችሁ። ያን ጊዜ ግን ፈራሁ። ይህ አነጋገር ከየት እንደመጣ አውቃለሁ።

ለማታውቋት፦ ሰናይት የአንጎል ተመራማሪ ነበረች። አዲስ አበባ አድጋ፣ ነፃነት እንደመጣ ወደ አስመራ ገባች። ትግርኛዋ ይሰናከል ስለነበር ከኔ ጋር በትምህርት ቤት አማርኛዬ ነበር የምናወራው። ይህንም በአማርኛ የምጽፈው ለዚህ ነው። ያረጀች ሰይቸንቶ ነበረቻት፤ መኪናዋ ስለማትታመን እዳጋ ሓሙስ ካለው ሱቄ አትጠፋም።

ያኔ እናቴ ከሱቁ ጀርባ ከኛ ጋር ትኖር ነበር። ታጋዮቹ ከተማ ሲገቡ ታናሽ ወንድሜ ክፍሎም አብሮ አልገባም። መርዶው መጣ። እንደ ወጉ ሽማግሌዎች ጎህ ሳይቀድ በር አንኳኩ፤ ተለቀሰ፣ ድንኳን ተጣለ፣ ሰው ተቀመጠ።

እናቴ ግን መርሳት ጀምራ ነበር። ድንኳኑ ከተነሳ ብዙም ሳይቆይ "ክፍሎም ገና አልገባም?" አለችን።

አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ወግ አጥባቂ ነው። "ሰማዕት አይካድም" ብሎ ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ እንደገና በጎህ አረዳት። እንደ መጀመሪያው ቀን ጮኸች። ረሳች። ጠየቀች። ደግመው አረዷት። ሥጋዋ አለቀ፤ አንዱን ጠዋት ልቧ ቀጥ ይላል ብዬ እሰጋ ነበር። የሚያስቆም ሰው ግን አልተገኘም።

አንድ ማለዳ ሰናይት መኪናዋ አልነሳ ብላት በሬን ልታንኳኳ ስትመጣ ጩኸቱን ሰማች። ዘው ብላ ገባች።

"ማን ሞቶ ነው?"

"ወንድሜ" አልኳት።

"መቼ?"

"በጦርነቱ።"

"ታዲያ ዛሬ ምን ታረዳላችሁ?"

አጎቴ ተቆጣ። "አንቺ አምቼ!" አላት፤ አዲስ አበባ ያደጉትን የሚጠሩበት ስም ነው። "የሀገሩን ወግ መቼ አውቀሽ! መርዶ አይደበቅም።"

"አባቴ፣ መቼ ደበቁ? ነግረዋታል። እሷ ጋ መቆየት ያልቻለው መርዶው ነው። በነገሯት ቁጥር አዲስ ልጅ ነው የሚሞትባት።"

"ታዲያ ልዋሻት?"

"ኧረ አይዋሹ። ክፍሎም የት ነው ስትል፣ እስቲ ስለ ክፍሎም ንገሪን ይበሏት። እሷ ወደኛ መምጣት አቅቷታል፤ እኛ እንሂድላት።"

አጎቴ አጉረመረመ። ሰናይት እናቴ እግር ሥር ቁጭ ብላ በተሰባበረ ትግርኛዋ ጠየቀቻት። እናቴ እንባዋ ሳይደርቅ ጀመረች፦ ክፍሎም ብስክሌት ተከራይቶ፣ ከቤት ጊዮርጊስ ኮረብታ ቁልቁል ፍሬን ሳይዝ ወርዶ፣ የአንዲት መነኩሲት ቅርጫት ውስጥ ስለመግባቱ። አጎቴ ሳይወድ ሳቀ። "እንቁላል ነበር የያዘችው!" ብሎ አረማት። በዚያ ቤት ከዚያ በኋላ መርዶ አልተነገረም። እናቴ ከዚህ ዓለም ስትሄድ ክፍሎም ገና ብስክሌቱ ላይ ነበር።

ለተብርሃን ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበረች። አጠገቤ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

ሰናይት ኋላ ለምርምሯ ወደ ውጭ ወጣች። በመጣች ቁጥር ሱቅ ተቀምጣ ሻሂ እየጠጣች ታስረዳኝ ነበር። "አንጎል ውስጥ ዘበኞች አሉ። ጉዳት ሲያዩ እሳት ያነዳሉ፤ ሌባው ይሸሻል። ሌባው ሄዶ እሳቱን ካላጠፉት ግን የሚጠብቁት ቤት ይያያዛል።" የአንጎል ብግነት የምትለው ይህን ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሐሳቧን ብዙዎች አልተቀበሉትም።

"እሳት አደጋ ነኝ በይኛ!" አልኳት።

"ውሃው ገና አልተገኘም" አለችኝ፤ አልሳቀችም።

አንድ ቀን እንደ ዋዛ "በዘር ይመጣል?" ብዬ ጠየቅኳት። ለምን እንደጠየቅኩ ገብቷታል።

"በአንዳንድ ቤት አዎ። ያንተን ቤት አላውቅም። አንተ ያልሞከርከውን ዲናሞ ኦሪጅናል ነው ብለህ ትሸጣለህ፤ እኔ የማላውቀውን አልሸጥም።"

ዛሬ ሱቁን ዘግቼ ለተብርሃንን እንዲህ አልኳት፦ "ያን አነጋገር ለጊዜው አስቀምጪው። ገና እዚህ ነኝ። እውነቱን ንገሪኝ።"

"ሰናይት ሞታለች" አለችኝ።

አለቀስኩ። ሁለተኛዬ መሆኑ ነው።

ሰናይት፣ የደከመ ሰው ይረሳል፣ ሐዘንም ያስረሳል፤ ብትኖሪ መጀመሪያ የምትዪኝ ይህን ነበር። እኔም ለራሴ እያልኩት ነው። ግን አንድ ሙሉ ምሽት ከነእንባው ከኔ ወጥቶ ሄዷል፤ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። ፈርቻለሁ። የምጠይቀው ሰው ባስፈለገኝ ቀን ሄድሽ።

የቐንየለይ፣ እኅቴ፤ አመሰግንሻለሁ። አንቺ የጀመርሽውን የሚጨርሱ አይጥፉ። አፈሩ ይቅለልሽ።

ነገ፦ ጠዋት ከለተብርሃን ጋር ሐኪም ቤት። ሱቁ እስከ ከሰዓት ዝግ ነው።