ቲማቲም እየለቀምን የተሰበሰብንበት ጠዋት

ከመቂ በባጃጅ አንድ ሰዓት ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብላ ባለች ትንሽ መንደር የአማርኛ መምህርት ሆኜ ስመደብ፣ አዳማ ተወልጄ ያደግሁ ብሆንም ኦሮምኛዬ ከሰላምታ ብዙም አያልፍም ነበር። ሲነገር እሰማለሁ፤ ለመናገር አፌን ስከፍት ግን ቃላቱ ይጠፉብኛል። የሰፈሬ ሰው ሁሉ አማርኛ ስለሚችል ሰንፌ ነው፤ ሌላ ሰበብ የለኝም።

መንደሯ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ታመርታለች። የቲማቲም ለቀማ ሲደርስ ክፍሌ ውስጥ የሚቀሩልኝ አምስት ስድስት ልጆች ናቸው። ርዕሰ መምህሩ በዚህ ጉዳይ ወላጆችን ማነጋገር ፈለገና፣ “እኔ ለሥራ መቂ እሄዳለሁ፤ ስብሰባው ከነገ ወዲያ መሆኑን ለልጆቹ ንገሪልኝ” ብሎኝ ሄደ።

በአማርኛ ብነግራቸው ኖሮ ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ግን መልእክቱ ለወላጆች በቋንቋቸው እንዲደርስ ፈለግሁ። ነገ “ቦሩ” እንደሆነ አውቃለሁ። ከነገ ወዲያ “ኢፍታን” መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። ነገን ሁለቴ ብጠራው ከነገ ወዲያ የሚሆን መስሎኝ “ቦሩ ቦሩ” አልኳቸው፤ ለማጠናከርም ሁለት ጣቴን አሳየኋቸው። ልጆቹም “ነገ፣ የግድ ነገ፣ ሁለት ሰዓት ላይ” ብለው ለየቤቱ አደረሱልኝ።

በማግስቱ ክፍለ ጊዜዬ ከአራት ሰዓት በኋላ ስለነበር፣ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ በተከራየሁት ቤት ጓሮ ፀጉሬን እየታጠብኩ ነበር። ጫጫታ ሰምቼ ሳሙናው ሳይለቅ ፎጣ ጠምጥሜ ብወጣ፣ የትምህርት ቤቱ ግቢ ሞልቷል። አባቶች የማሳ ቦት ጫማቸውን እንደተጫሙ፣ እናቶች ሕፃን እንዳዘሉ መጥተዋል።

የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ የሆኑት ቀጭን ሽማግሌ ፎጣዬን አየት አደረጉና፣ “መምህርት፣ ደርሰናል። ምን ተፈጠረ?” አሉኝ።

“አባቴ፣ ስብሰባው እኮ ነገ ነው።”

“ልጆቹ ነገ አሉን። የትናንቱ ነገ ደግሞ ዛሬ ነው።”

“ቦሩ ቦሩ ማለት ከነገ ወዲያ መስሎኝ ነው” አልኳቸው።

ሽማግሌው ዞረው ለሕዝቡ በኦሮምኛ አስረዱ። ያልሳቀ አልነበረም። እኔም እየሳቅሁ ሳለ አንዲት እናት ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ፊቷ እንደጨለመ አየሁ።

“ደላላው ነው። መኪናው ተነስቷል፤ ስድስት ሰዓት ላይ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል ይላል” አለችኝ። “እኛ ገና አንድ ሳጥን አልሞላንም።”

በጣም አፈርኩ። “እኔም መጥቼ እለቅማለሁ” አልኳት።

“መጀመሪያ ሳሙናሽን አስለቅቂ” አለችኝና ወደ ማሳው ሮጠች።

ፀጉሬን ለቅለቅ አድርጌ ተከትያት ሄድኩ፤ የተሰበሰበውም ሰው ወደ ለቀማው ተመልሶ ነበር። ደማቅ ቀይ ቀዩን እየመረጥኩ ሳጥን ስሞላ፣ መልሳ ግማሹን አወጣችው። “ይሄ መንገድ ላይ ይፈርጣል። መቅላት የጀመረውን ብቻ ልቀሚ” አለችኝ። የዚያን ዕለት ተማሪዎቼ ሁሉ እዚያው ማሳ ውስጥ ስለነበሩ ክፍለ ጊዜ አመለጠኝ ማለት እንኳ አይቻልም። ልጅነቴን በሙሉ ቲማቲም ስበላ ለቀማው ወገብ የሚቆርጥ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ስብሰባው የተደረገው እንዲሁ ጎንበስ እንዳልን ነው። ሽማግሌው ከወዲያኛው መስመር ጮክ ብለው፣ “ለመሆኑ የጠራሽን ለምን ነበር?” አሉ። ልጆቹ ከትምህርት እየቀሩ እንደሆነ ነገርኳቸው። ያቺ እናት ቀና ሳትል፣ “እኛ የምንለቅመው በጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ብታስተምሯቸውስ?” አለች። ከመስመር መስመር ሲቀባበሉት ቆዩና ተስማሙ። መኪናው ሲደርስ የጎደሉት ጥቂት ሳጥኖች ብቻ ነበሩ፤ ሾፌሩም እያጉረመረመ ጠበቀን።

ርዕሰ መምህሩ ሲመለስ ውሳኔውን ነገርኩት። “ያለ ስብሰባ?” አለኝ።

“ተሰብስበናል፤ ቃለ ጉባኤ ብቻ ነው ያልያዝነው።”

ለለቀማው ወቅት ፈረቃውን ወደ ከሰዓት በኋላ ቀየረልን። ሁሉም አልመጣም፤ ከመጡትም እጃቸው በቲማቲም ቅጠል የጠቆረ፣ እያዛጉ የሚሰሙኝ ነበሩ። ቢሆንም ክፍሌ ሞላ። ያቺ እናት ደግሞ ከዚያ በኋላ ለልጆቹ ማስታወቂያ ከመናገሬ በፊት መጀመሪያ ለእሷ በኦሮምኛ እንድነግራት አስገደደችኝ። እስክታርመኝም አትለቀኝም ነበር።