የሙዮን በደል

ግምጃ ቤት አካባቢ ተጣልቶ አቶ ይሄነው ያላስታረቁት ሰው ቢፈለግ አይገኝም። ልጃቸው ምንይችል ደግሞ እንጅባራ ፊዚክስ ያስተምራል፤ ለዶክትሬቱ አራት ዓመት ሙሉ ሲለፋ የኖረው በአንድ ጠብ ላይ ነው። አንዲት ከባድ ቅንጣት ስትፈርስ ለኤሌክትሮንና የኤሌክትሮን ከባድ እህት ለምትባለው ለሙዮን እኩል ማካፈል አለባት፤ የታወቀው ሕግ ለማንም አያዳላም። አውሮፓ ያሉ ተመራማሪዎች ግን ቆጥረው ቆጥረው የሙዮን ድርሻ አነሰብን አሉ። ምንይችልም ሙዮንን የሚነካ፣ ኤሌክትሮንን ግን ዝም ብሎ የሚያልፍ አዲስ ኃይል አለ አለ፤ ኃይሉ እንዲወጣለትም እኩልታው ላይ ጌጅ ሲሜትሪ የሚባል፣ ኃይል የሚወልድ አዲስ የሚዛን ሕግ ጨመረ። ሒሳቡ ልክክ አለ። እሰይ!

ጥፋቱ ይህን ለአባቱ ማስረዳቱ ነው። አቶ ይሄነው ሲሜትሪውን ትተው ጉድለቱን ያዙ፤ ሙዮን ድርሻዋን ተበላች ብለው ከልባቸው አዘኑላት። በየወሩ በጊዮርጊስ ማኅበር ተበልቶ ተጠጥቶ ምርቃት ሲሰጡ፣ ከዝናቡና ከከብቱ ቀጥለው «የተበደለችዋን ሙዮን ፍርዷን ስጣት» ይላሉ። ማኅበርተኛውም አሜን ይላል። ሙዮን የማን ልጅ ናት ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም፤ ጉድ እኮ ነው።

ምንይችል ጥናቱን ሊያቀርብ ጥቂት ሲቀረው አውሮፓዎቹ እንደገና ቆጠሩ። ለካ ኤሌክትሮን መስለው የተቆጠሩ ሌሎች ቅንጣቶች ኖረዋል! እነሱ ሲወጡ ሁለቱ እኩል ሆነው ቁጭ አሉ። የምንይችልን አራት ዓመት ውሃ በላው። የጊዮርጊስ ዕለት ሚኒባስ ተሳፍሮ ግምጃ ቤት ወረደ፤ ያንን ምርቃት ዳግመኛ ቁጭ ብሎ መስማት አይችልም።

«አባባ፣ ሙዮን አልተበደለችም። የተሳሳተው ቆጠራው ነው፤ ከእንግዲህ በምርቃቱ ስሟን አያንሱ» አላቸው።

አቶ ይሄነው ፊታቸው በራ። ተመስገን፣ ያለ ሽማግሌ ታረቁ ማለት ነው አሉ። ከዚያ የልጃቸውን ፊት አዩና ደስታቸውን ዋጥ አደረጉት። አንተስ እንግዲህ ምን ትሆናለህ ብለው ጠየቁት። ጠቡ ከሌለ የሚያስረዳው ነገር እንደሌለው፣ ሥራው ሁሉ በዚያ ላይ ቆሞ እንደነበር ነገራቸው።

ማኅበርተኛው ተሰበሰበ፤ ምርቃቱ ደረሰ። አቶ ይሄነው ተነሥተው ዝናቡን ለመኑ፣ ከብቱን ለመኑ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰው ሲያስታርቁ ያረጁ ናቸውና አፋቸው እንቢ ቢላቸው አይፈረድባቸውም።

«ለልጄም» አሉ በመጨረሻ፣ «ሰው የማይሞትበት ሌላ ጠብ አምጣለት።»

ማኅበርተኛው እርስ በርሱ ተያየ። ቀድሞ አሜን ያለው ምንይችል ነው።